ለእሷማ ምን ቸገራት

ጥር 9

ለአክስቴ ልጅ፣ ለቁንጫዬ፤

ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። ብርዱ አጥንትሽ እንዳይገባ፣ ክፉ ዓይን እንዳያገኝሽ፣ እጅሽ እንዳይዝልብሽ ፈጣሪን ለምኜ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ አልሰነፈም።

በስልክ ሊነገር የሚችለውን ለምን ትጽፋለች ትዪ ይሆናል። ስልኩ ያለው እናትሽ እጅ ነው። አንቺ በደወልሽ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጋ መሃል ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ጎረቤት ካለ ጎረቤትም አብሮ ይሰማል። እዚያ መሃል ቆሜ የልቤን ላወራሽ አልቻልኩም።

አንቺም እኔም ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት የተማርንበት ላቦራቶሪ መዘጋቱን ሰምተሻል። ያልሰማሽው ከተዘጋ ስምንት ወሩ መሆኑን፣ ስምንቱንም ወር እኔ ቤት መዋሌን ነው። እናትሽ "እረፍት ላይ ናት" ብላ ነግራሻለች። እረፍት! የጋሪ ፈረስ እንኳ ታሞ እንዲህ አያርፍም።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ይህን እጅ ይዤ ማን ይጥለኛል አልኩ። በሁለተኛው ወር ከከተማው ወዲያ ማዶ ያለ አንድ ትንሽ ላቦራቶሪ ጄሶ የሚያቦካ ሰው ፈልጎ ጠራኝ። "ሃያ ዓመት ጥርስ የቀረጽኩ ሴት ተመልሼ ጄሶ ላቡካ?" አልኩና ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። እንዴት ያለ አወጣጥ መሰለሽ! በሩን እንኳ አልዘጋሁላቸውም። ያኔ "ከየት መጣሽ?" ሲሉኝ "ከሥራ" ብዬ እመልስ ነበር። አሁን ጥያቄው ተለወጠ፤ "ስምንት ወር ምን ስትሠሪ ቆየሽ?" ሆነ። "ሥራ ስፈልግ" ስላቸው እንደ ሌባ ያዩኛል። ሰው ሥራ ያጣው ሥራ በማጣቱ ነው ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ሌላም አለ። ከእኛ ጋር ሰም ክፍል የነበረችውን ወፍራሟን ታስታውሻታለሽ። ክፍት ቦታ መኖሩን ሰምታ ለሌላ ሰው ጠቆመች። "ምነው ለእኔ ብትነግሪኝ?" ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ለአንቺማ ምን ቸገረሽ፤ እህትሽ ውጭ አይደለች!" ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስበው። አንቺ እዚያ ስትበዪ እኔ እዚህ ጠግቤ አድራለሁ። ስለዚህ የሥራ ወሬ የሰማ ሁሉ ለቸገረው ሰው ሲነግር እኔ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል።

እጄ እንዳይረሳ ከሳሙና መንጋጋ እቀርጻለሁ። እናትሽ "ይሄን ሳሙና ምን እየበላው ነው?" ትላለች።

ከአንቺ የምፈልገው ገንዘብ አይደለም። አሁን ጥርሱ በኮምፒውተር ተስሎ ማሽን ነው የሚቀርጸው አሉ፤ በሄድኩበት ሁሉ "ይሄን ትችያለሽ?" ይሉኛል። እሱን የሚያስተምር መጽሐፍ ፈልገሽ ላኪልኝ። ቶሎ ካገኘሁት ቶሎ እይዘዋለሁ፤ ታውቂኛለሽ።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ።
እህትሽ


የካቲት 20

ለውድ እትዬ፤

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ጽሕፈትሽን አይቼ ፖስታውን ሳልከፍተው ሳምኩት። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ያጎደለብሽን በእጥፍ ይሙላልሽ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ብርዱም ልማድ ሆኗል።

የነገርሽኝ አሳዘነኝ፤ ግን ተስፋ አትቁረጪ። እዚህ ስለ ሥራ ፍለጋ የሚያውቁ ሰዎች የሚሉትን ልንገርሽ። ሰው ከስድስት ወር በላይ ከሥራ ከራቀ ቀጣሪ ይሸሸዋል፤ ስለዚህ የተገኘውን ዝቅ ብሎም ቢሆን መያዝ ይሻላል። ጠዋት በሰዓትሽ ተነሺ፤ ሥራ እንዳለሽ ሆነሽ ልበሺ፤ በቀን አንድ ማመልከቻ ጻፊ፤ ለምታውቂው ሰው ሁሉ ሥራ እንደምትፈልጊ ተናገሪ፤ አትፈሪ። ያን የጄሶ ሥራ ባትተዪው ጥሩ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እህትሽ ስለሆንኩ ነው የምናገረው።

እኔ እንግዲህ አሁን የክፍሉ ኃላፊ ነኝ። ስድስት ሰዎች ከእኔ በታች አሉ። ለእማዬ ደስ ይላታል ብዬ በሥራ ቦታዬ የተነሳሁትን ፎቶ ልኬያለሁ። ከኋላዬ የሚታየው ነጩ ሣጥን ነው እንግዲህ ጥርስ የሚቀርጸው ማሽን። በአንድ ሰዓት ውስጥ እኔና አንቺ በሁለት ቀን የምንሠራውን ያወጣል።

መጽሐፉን እፈልጋለሁ።

እማዬን ሳሚልኝ።
ታናሽሽ


መጋቢት 17

ለቁንጫ፤

ጤናሽ ይብዛ፤ የጀመርሽው ይሳካልሽ። ምክርሽ ደረሰኝ። በቁጥር ብታደርጊው ኖሮ ግድግዳ ላይ እለጥፈው ነበር።

ፎቶውም ደረሰ። እናትሽ መጀመሪያ ስማው አለቀሰች፤ ቀጥላ በመሃረብ ጠቅልላ ሰፈሩን አዞረችው። ከጫማ ጠጋኙ ጀምራ እስከ ዳቦ መሸጫዋ ድረስ ያላየው የለም። ሲመለስ ጠርዙ ላይ የቅባት ጣት ነበረበት። አሁን ከሬዲዮኑ በላይ ተሰቅሏል፤ ሻይ ስጠጣ ትመለከቺኛለሽ።

እውነቱን ልንገርሽ? ቀናሁ። ነጭ ጋዋንሽ ላይ፣ በአንገትሽ ባንጠለጠልሽው መታወቂያ ላይ፣ ወንበርሽ ላይ ሳይቀር ቀናሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ አንስቼው አላውቅም፤ ዛሬ ግን ላንሳው። ያኔ ለውጭ አገር ሥልጠና የመጣው ቦታ አንድ ነበር። የተጠራው የእኔ ስም ነበር። እናቴ አልጋ ላይ ስለነበረች "ቁንጫ ትሂድ" ያልኩት እኔ ነኝ። አልቆጭም እያልኩ ኖርኩ፤ ፎቶሽ መጣና ዋሾ አደረገኝ።

ይብቃ። ዜና አለኝ። አንዲት የጥርስ ሐኪም ክሊኒካቸው ፎቅ ላይ አዲስ ላቦራቶሪ ከፍተዋል፤ ተወዳደርኩ። ስድስት የፊት ጥርስ በሰም ደርድሪ አሉኝ፤ ደረደርኩ። ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው ሁለት ጊዜ አዩት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጡኝ። እዚያ ላይ ተዋረድኩ። የቱን እንደነካሁት እንጃ፣ ጥርሱ ስክሪኑ ላይ እንደ እንዝርት ዞረብኝ።

ቢሆንም አላሰናበቱኝም። "ሥራሽን የሚያውቅ ሰው ስጪን፤ እንጠይቃለን" አሉኝ። የድሮ አለቃችን ሞቷል፤ ስለዚህ የአንቺን ስምና ኢሜይል ሰጠሁ። ከውጭ የሚመጣ ቃል ይደመጣል፤ በዚያ ላይ የክፍል ኃላፊ ነሽ። ኮምፒውተሩን ትማረዋለች ብቻ ብትያቸው ይበቃኛል። መጽሐፉ ቢዘገይ ግድ የለም። ይህን ግን አታዘግዪብኝ፤ አደራ።

የእናትሽ ምርቃት ይድረስሽ።
እህትሽ


ሰኔ 2

ለእትዬ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ሰላም ለቤቱ። ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ጊዜው እንዴት እንደሚሮጥ አላውቅም።

እዚህ ዝናቡ አላቆም ብሏል። የቤቴን መጋረጃ ቀየርኩ፤ አረንጓዴ ነው። ከታች የምትኖረዋ ሴት ድመት አስገብታለች፤ ደረጃው ሁሉ ይሸታል። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

መጽሐፉን ፈልጌ አጣሁት። ያለው ደግሞ የቆየ ነው፤ ይህ ነገር በየዓመቱ ይለወጣል።

ባለፈው ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ? የድሮው አለቃችን ሁለታችን የሠራነውን ጎን ለጎን አድርጎ ያን ቀን የተናገረው። "የቁንጫ ጥርስ ያኝካል፤ የእህቷ ጥርስ ግን ይስቃል" አለ። ሁሉም ሳቁ። አንቺም ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። ታስታውሻለሽ?

እማዬ መድኃኒቷን በሰዓቷ ትውሰድ።
ታናሽሽ


ሰኔ 26

ለአክስቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥልኝ።

አልጠሩኝም። አሥራ አራት ሳምንት ጠበቅሁና ራሴ ሄድኩ። በእንግዳ መቀበያው በኩል ወደ ውስጥ ስመለከት እኔ ጥርስ የደረደርኩበት ወንበር ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው አሉ። ጥፍሯን ቀይ ተቀብታለች። ጥፍር ተቀብቶ ሰም ይነካል? ለነገሩ ሰም አትነካም፤ ስክሪኑን ብቻ ነው የምትነካው፤ ጥርሱም እሷ ባለችው በኩል ይዞርላታል። ቆሜ አየኋት። በዕድሜዋ ቀናሁ፣ በጣቷ ቀናሁ፣ ከዚህ ወጥታ የት እንደምትገባ በማወቋ ቀናሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽፈውልሽ ነበር? አንቺስ መለስሽላቸው?

እህትሽ


ሐምሌ 30

ለውድ እትዬ፤

ፈጣሪ ያጽናሽ። አንቺን ባይቀጥሩ ለእነሱ ነው የቀረባቸው። በጣም አዘንኩ።

ምንም የደረሰኝ ነገር የለም። ምናልባት አድራሻውን ተሳስተው ይሆናል፤ ወይም መጀመሪያውኑ ልጅቷን መርጠው ለወጉ ያህል ይሆናል የጠየቁሽ። እንዲህ ያደርጋሉ።

መጽሐፉን አግኝቼዋለሁ፤ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። አዲሱ ነው። ለአንቺ የሚሆን የሱፍ ካፖርትም አለበት፤ ሁለት ጊዜ ነው የለበስኩት። ቁልፉ አንዱ ላልቷል፤ አጥብቂው።

ብዙ አታስቢ።
ታናሽሽ


ጥቅምት 18

ለአክስቴ ልጅ፤

እንደምን ከረምሽ? እናትሽ ደህና ናት። መጽሐፉ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ካፖርቱም ደርሷል፤ አልለበስኩትም፤ ለምን እንደሆነ ስትጨርሺ ይገባሻል። ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ያሉትን ጡረተኛ መምህር ታውቂያቸዋለሽ። ከዶክተሯ ዘንድ ሙሉ ጥርስ አስገቡ። መልኩን ብታይው ያምራል፤ ግን ሲናገሩ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ "ሰ"ን ሲሉ ያፏጫል። ዕድሜ ልካቸውን በንግግር የኖሩ ሰው ዝም አሉ። ሰው ሲመጣ ይነሱና ጓዳ ይገባሉ። አንድ ቀን እናትሽ ዘንድ ተቀምጠው ሻዩን እንኳ በመዳፋቸው ከልለው ሲጠጡ አይቼ አላስቻለኝም።

"ጋሼ፣ ያውጡትና ልየው" አልኳቸው።

"ኧረ ነውር ነው ልጄ፣ በሰው ፊት!"

"እኔ ሰው አይደለሁም፤ ጥርስ ሠሪ ነኝ።"

ሳቁ። ሲስቁ ወደቀ። እናትሽ እንዴት እንደሳቀች አትጠይቂኝ።

ከደረሰኝ መጻፊያ የተቀደደ ካርቦን ወረቀት ነበረኝ፤ ቆረጥኩና አስነከስኳቸው። ሰማያዊው ያረፈበት ቦታ ከፍ ያለው እሱ ነው። በጥፍር መሞረጃና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ አወረድኩት። አስነክሳለሁ፣ አወርዳለሁ፣ አስነክሳለሁ፣ አወርዳለሁ። ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀብኝ። ምን ልበልሽ ቁንጫ፣ ለአሥራ ሰባት ወር ያልተነፈስኩትን ትንፋሽ የተነፈስኩ መሰለኝ። መጨረሻ ላይ መምህሩ "ሰባት መቶ ሰባ ሰባት" አሉ። ዝም ብለው ደጋገሙት። ከዚያ ተነስተው በር ላይ ቆሙና አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ሰላም ማለት ጀመሩ።

በሳምንቱ ክሊኒክ ለክትትል ሲሄዱ ዶክተሯ አፋቸውን ከፍተው አዩና "ይህን ማን ነካው?" ብለው ጠየቁ። እኔን አስጠሩኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ሄድኩ።

"በጥፍር መሞረጃ?" አሉኝ።

"ሌላ አልነበረኝም።"

"ጥርሱ እንዲህ እያስቸገራቸው የመለሱብኝ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ" አሉ። "ልጅቷ ስክሪኑን አሳምራ ትችላለች፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን የሚሆነውን ገና አታውቅም። እኔም ጊዜ የለኝም።" ቀጥለውም፣ "ያን ጊዜ ልቀጥርሽ ነበር። ቤተሰብሽ ናት ያልሽኝ ሴት የጻፈችው ነው ያስፈራኝ" አሉኝ።

እኔ "አልደረሳትም እኮ" አልኩ። እንደ ሞኝ!

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞሩልኝ። ቃል በቃል ይኸውልሽ፤ "እጇ የታመነ ነው። ነገር ግን ከሥራ የራቀችበት ጊዜ ረጅም በመሆኑ ከአዲሱ አሠራር ጋር መራመድ ይከብዳታል ብዬ እሰጋለሁ።" ከታች ስምሽ። ቀኑ መጋቢት ሃያ ዘጠኝ።

ዶክተሯ ፊቴን እያዩ፣ "እውነቷን ነው?" አሉኝ።

"እውነቷን ነው፤ ከብዶኛል" አልኩ። "ግን መጽሐፍ ልካልኛለች፤ እያነበብኩ ነው።" ገመናሽን ሸፈንኩ። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ የገዛ እህቷ የጣለቻት ሴት ሆኜ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ስላልፈለግሁ ነው።

በሳምንት ሦስት ቀን ሥራ ሰጡኝ። ማዕረግ የለውም። ያኔ ንቄ ከወጣሁት ከጄሶው ብዙም አይሻልም። ሳይጨርሱ እሺ አልኩ።

እናትሽ ምንም አታውቅም። እኔም አልነግራትም። አንድ ነገር ብቻ እንድትነግሪኝ እፈልጋለሁ። ስድስት ሰው ከበታችሽ፣ ማሽኑ ከኋላሽ፣ ዘጠኝ ዓመት በእኔ ቦታ ተቀምጠሽ፣ ከእኔ ላይ የቀረሽ ምን ነበር?

መልስ እጠብቃለሁ።


ኅዳር 4

እትዬ፤

የምመርቅበት አፍ የለኝም፤ ስለዚህ ሳልመርቅ እጀምራለሁ።

ጽፌዋለሁ። ደርሶኝ ነበር፤ ጻፍኩ፤ ከዚያ አልደረሰኝም ብዬ ዋሸሁሽ። ምክንያቴ ይቅር እንዲያሰኝ አይደለም የምነግርሽ። ስለጠየቅሽኝ ነው።

ሥራ የለኝም። አንቺ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስትጽፊልኝ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ያ ነጭ ሣጥን ገባና ከስድስታችን አምስታችንን አወጣን። ፎቶው የመጨረሻው ቀን የተነሳነው ነው፤ እንደ መታሰቢያ። የክፍል ኃላፊ ሆኜ አላውቅም። ዛሬ አሥራ አንደኛ ወሬ ነው።

የላክሁልሽን ምክር አስታውሺ። ጠዋት ተነሺ፣ ልበሺ፣ በቀን አንድ ማመልከቻ ጻፊ። እሱን ለእኔ የነገረችኝ የሥራ አጦች ቢሮ ውስጥ ያለች ሴት ናት፤ ማስቲካ እያኘከች። ለአንቺ ስጽፈው ግን የእኔ መሰለኝ፤ ለትንሽ ደቂቃ ኃላፊ ሆንኩ። አንዱንም በወጉ አላደረግሁትም። መንግሥት ለሥራ ፈላጊ የሚሰጣት ድጎማ ስላለች መጀመሪያ ላይ ያገኘሁትን ልያዝ አላልኩም፤ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ጠርተውኝ ቀረሁ። "ለምታውቂው ሁሉ ተናገሪ" ስትለኝ ለማንም አልተናገርኩም። የሚያውቀኝ ሁሉ ሥራ ያለኝ ይመስለዋል፤ ታዲያ ማን ሥራ ይጠቁመኛል? አንቺ ሰፈሩ "ምን ቸገራት" አለኝ ብለሽ ጽፈሽልኝ የለ። እኔን እንደዚያ ያሰኘሁት ራሴ ነኝ።

የዶክተሯ መልእክት የመጣ ዕለት ጠዋት ተወዳድሬ የመጨረሻው ዙር ከደረስኩበት አንድ ቦታ የእምቢታ መልስ መጣልኝ። በደብዳቤው ላይ "እጇ የታመነ ነው፤ ነገር ግን ከሥራ የራቀችበት ጊዜ…" ይላል። እትዬ፣ ያን ዓረፍተ ነገር እኔ አልፈጠርኩትም። ስለ እኔ የተጻፈ ነው። አንብቤው ሳልጨርስ ስለ አንቺ የሚጠይቀው መጣ። አንቺ በሰም ስድስት ጥርስ ደርድረሽ ዶክተሯ ሁለት ጊዜ ማየታቸውን ጽፈሽልኛል። ያን ጊዜ አለቃችን ያለው ትዝ አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚህ ያለው አንድም ሰው ሥራዬን ሁለት ጊዜ አላየም። ቦታሽን ወስጄ እንኳ እጅሽን መውሰድ አልቻልኩም። አሁን ደግሞ ከእኔ ቀድማ ልትገባ ነው አልኩ። ዓረፍተ ነገሩን ገለበጥኩት። "ላክ" የሚለውን ሳላመነታ ነካሁት። ይህን የምነግርሽ እንዳታዝኚልኝ ነው።

መጽሐፉን የላክሁልሽ ከሕሊናዬ ለመገላገል ነው። የእኔ መጽሐፍ ነው። ጠርዙ ላይ የጻፍኩትን በላጲስ አጥፍቼ ነው የላክሁት።

ለእማዬ አትንገሪ አልልሽም።

ቁንጫ


ታኅሣሥ 6

ለቁንጫ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ይህን ስጽፍ በግማሽ ልቤ ነው፤ ግማሹ ገና አልታረቀሽም።

ደብዳቤሽን ክሊኒኩ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። "ሥራ የለኝም" የሚለው ላይ ስደርስ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ፤ አንቺም ነግረሽኛልና። ደስ አለኝ። ሙሉ ሰውነቴን ሞቀኝ። "እንኳን!" አልኩ፤ ድምፅ አውጥቼ። አንድ በሽተኛ ደረጃውን ሲወጣ ዞሮ አየኝ። ቀኑን ሙሉ እያፏጨሁ ሠራሁ። ወደ ማታው ሻይ ስጠጣ ፎቶሽን ቀና ብዬ አየሁት፤ አሁን ሳየው ፈገግታሽ ጥርስሽን እንጂ ዓይንሽን አልነካም። እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁትም? ጥርስ ብቻ ሳይ ኖሬ።

እና የሆነውን ልንገርሽ። ሥራ በዝቶብናል። ዶክተሯ ሰኞ ዕለት "ሌላ እጅ ያስፈልገናል፤ የምታውቂው ሰው አለ?" አሉኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። "ላስብበት" አልኩ። ሰኞ አሰብኩ፣ ማክሰኞ አሰብኩ፣ ረቡዕ ሥራ አልነበረኝም፤ ቤት ተኝቼ አሰብኩ። አንድ ጊዜ ስምሽን ባልጠራ የሚያውቅብኝ የለም። ወፍራሟም እንዲህ ብላ ነው ያለፈችኝ። አንቺም እንዲህ ብለሽ ነው። ሰው ሥራ አጥቶ የሚከርመው እኮ በአንድ ትልቅ ክፋት አይደለም፤ አፉን ከፍቶ በሚዘጋ ሰው ነው። ሐሙስ ጠዋት ገብቼ ስምሽን ነገርኳቸው።

"ያቺ ጽፋ ያስፈራችኝ?" አሉኝ።

"እሷው ናት።"

"ታዲያ ለምን ትመጣለች?"

"እጇ የታመነ ነው" አልኳቸው። "ሌላውን ስትመጣ ራስዎ ይዩት።" ከዚህ በላይ አልጨመርኩም፤ እንዳትጠብቂ።

ከመጣሽ እንዲህ ነው። ለጊዜው ሦስት ቀን ነው። ከእኔ በታች ነሽ፤ ይህን አስቀድሜ ጠይቄ ያስወሰንኩት ነው፤ አልደብቅሽም። ክፍያው እዚያ የለመድሽው አይደለም። ከእኔ ጋር ጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ ትተኛለሽ። እናትሽን አንቺ ራስሽ ትነግሪያታለሽ፤ "እረፍት መጣሁ" የሚባል ነገር የለም። እኔን እረፍት ላይ ናት ስትል የከረመች ሴት ሌላ ውሸት አይጠፋትም፤ እውነቱን ንገሪያት። ከዚያ ሰፈሩ ይስማ። ከሰማ ወዲያ "ምን ቸገራት" አይባልም፤ ለሁለታችንም የሥራ ወሬ መምጣት ይጀምራል።

ካልመጣሽም ይገባኛል። ያን የልብስ ማጠቢያ ግን ደግመሽ ጠይቂያቸው።

ይቅር አላልኩሽም። ምናልባት አብረን ስንሠራ፣ አንቺ አንዱን ጥርስ እኔ ሌላውን ይዘን፣ ሳላስበው ይመጣ ይሆናል። ቅናትሽን እዚያ ጥለሽ ነይ አልልሽም፤ የእኔንም አልጣልኩትም። ብቻ እንዳትደብቂው።

ባለ ቀይ ጥፍሯ ልጅ ስክሪኑን ታስተምረኛለች። ታጋሽ ናት፤ አንድ ነገር አሥር ጊዜ ብትጠየቅ አትሰለችም፤ እሱ ራሱ ያናድዳል። ትናንት እኔ ግማሽ ቀን የፈጀሁበትን መንጋጋ ሻይዋን ሳትጨርስ አወጣችው፤ ያውም ደህና አድርጋ። አንቺ ስትመጪ ሁለታችንም እንቀናባታለን። እስክትመጪ ብቻዬን እየቀናሁባት ነው።

እህትሽ